ፊቱ የጠፋ መሐለቅ እንዴት ይታወቃል?

(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር የተወሰደ)



በአዳማ ወይም በሞጆ፣ በባቱ ወይም በሻሸመኔ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀምጦ የሕዝብ ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው፣ አንዳንድ ቀን ከመዝገቡና ከማኅተሙ ጋራ ምንም ግንኙነት የሌለው ነገር በጠረጴዛው ላይ ይቀርብለታል። የቤት መሠረት ሲቈፍር የዋለ፣ ወይም የመስኖ ቦይ ሲጠርግ የነበረ፣ አለዚያም የሟች አያቱን ሣጥን የከፈተ ባለጉዳይ በመሐረብ የተጠቀለለ አንድ ክብ ብረት ያወጣና «ጌታዬ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎትና እስቲ ይህ ምን እንደ ሆነ ይዩልኝ» ይላል። ብረቱ አረንጓዴ ለብሷል። በአንደኛው ገጹ ላይ የሰው ራስ የሚመስል እብጠት ይታያል፤ ዓይንና አፍንጫ ግን የለውም። በሁለተኛው ገጹ ላይ ሁለት ተራሮች ጎን ለጎን የቆሙ የሚመስል ትልቅ ምልክት አለ። ጽሕፈት የነበረበት ቢሆንም ተልጦ አልቋል።

እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለት ዐይነት መልስ መስጠት የተለመደ ነው። አንዱ «የአክሱም ነገሥታት ነው፤ ዋጋው ብዙ ነውና ለማንም አታሳይ» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ጽሕፈቱ ከጠፋ ወዲያ ምን ይረባል፤ ለአንጥረኛ ስጠው» የሚል ነው። ሁለቱም ሳይመረመር የተፈረደ ፍርድ ነው። ዛሬ ይህን የመሰለ መሐለቅ በምን በምን እንደሚታወቅ ጥቂት ለመናገር አስበናል። ነገሩ ለሊቃውንት ብቻ የተተወ እንዳይመስላችሁ፤ ወደ ፊት እንደምታዩት ለምርመራው የሚያስፈልገው ዋናው ቍልፍ በብዙዎቻችሁ ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለው የግዕዝ አኀዝ ባለበት የቀን መቍጠሪያ ላይ ይገኛል። የውጭ አገሩን ታሪክ በኤውሮፓውያን አቈጣጠር እንናገራለን፤ የእኛ ሲሆን ዓመተ ምሕረት እንላለን።

በመጀመሪያ፣ ሊሆን የማይችለውን ከፊታችን ማስወገድ ይገባል። በስምጥ ሸለቆ ከተሞቻችን አሮጌ ገንዘብ ተገኘ በተባለ ቍጥር፣ ብዙውን ጊዜ የሚወጣው ጥንታዊ ነገር ሳይሆን የአያቶቻችን መገበያያ ነው። ከሁሉ የሚበዛው ጠገራ ብር ወይም ማርትሬዛ የምንለው የኦስትሪያ ገንዘብ ነው፤ ስፋቱ 40 ሚሊሜትር ያህል፣ ክብደቱ 28 ግራም ያህል የሆነ ብር ስለሆነ በመዳቡ መሐለቅ ሊሳሳት አይችልም። የዳግማዊ ምኒልክ ብርና ተከታዮቹ ትንንሽ ገንዘቦች አንበሳ አለባቸው፤ አንበሳው ቢጠፋ እንኳ ጠርዛቸው በመኪና የተቈረጠ ነውና ፍጹም ክብ ናቸው። ጣሊያን የተወው የሊሬ ሳንቲም አለ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ በ1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብር እስኪታወጅ ድረስ ይሠራበት የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ ሺልንግ ዝርዝርም አለ፤ ከእርሱ ዝቅተኛዎቹ መካከላቸው የተበሳ ስለሆነ በጨለማ እንኳ በጣት ይታወቃሉ። ሳሳ ያለ፣ ትንሽና የዓረብ ፊደል ያለበት ከሆነ ደግሞ፣ መሐለቅ የሚለው ስም የታወቀበትን የሐረር አሚሮች ገንዘብ ማሰብ ይገባል።

እንግዲህ ጠርዙን ተመልከቱ። በመኪና የተመታ ገንዘብ ዙሪያው እኩል ነው። በጥንት ዘመን ግን አንጥረኛው ትኩሱን ብረት በሁለት የተቀረጹ ማኅተሞች መካከል አስገብቶ በመዶሻ ይመታው ስለ ነበረ፣ መሐለቁ አንድ ወገኑ ወፈር፣ አንድ ወገኑ ሳሳ ይላል፤ ጠርዙም አንዳንድ ጊዜ ይሰነጠቃል፤ ምስሉም ከመካከል ወጥቶ ወደ ዳር ይሸሻል። ዙሪያውን የሚከብብ የስፌት መስመር ያለው ወይም ገጹ በትንንሽ የአየር ቀዳዳዎች የተበሳ ከሆነ በመዶሻ ሳይሆን በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የተሠራ ነው፤ ይህም ለጎብኚ የሚሸጥ አስመሳይ ሊሆን ስለሚችል ጥርጣሬ ይገባዋል።

በጠረጴዛችን ላይ ያለው ብረት መዳብ ነው፤ ጠርዙም ያልተስተካከለ ነው። አሁን ወደዚያ ሁለት ተራራ ወደሚመስለው ምልክት እንመለስ። ምልክቱ ተራራም፣ በርም፣ ቤተ መንግሥትም አይደለም፤ ቍጥር ነው። ቍጥሩም አርባ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መዲናው ቍስጥንጥንያ የነበረች የምሥራቁ የሮም መንግሥት፣ ዛሬ ቢዛንታይን የሚባለው፣ በአምስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሕዝቡ ለዕለት ገበያ የሚጠቀምበት የመዳብ ገንዘብ እጅግ ኢምንት ሆኖበት ነበር። ኑሙስ የሚባለው ይህ ገንዘብ ከአንድ ግራም በታች የሚመዝን፣ ከምስር ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ነገር ነበረ። እንጀራ ለመግዛት በእፍኝ መቍጠር ያስፈልግ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ንጉሠ ነገሥቱ አናስጣስዮስ በ498 ይህን ለማቃለል አርባ ኑሙስ፣ ሃያ ኑሙስና ዐሥር ኑሙስ የሚያወጡ ትልልቅ የመዳብ መሐለቆች አስመታ፤ ኋላም የአምስቱ ተጨመረ። ማንበብ የማይችለው ሕዝብ እንኳ ዋጋውን በአንድ እይታ እንዲያውቀው የቍጥሩ ፊደል ገጹን ሞልቶ እንዲቀረጽ ተደረገ። ግሪኮች በዚያ ዘመን ፊደላቸውን ለቍጥርም ይጠቀሙበት ነበር፤ ሚ የሚባለው ፊደል አርባ፣ ካፓ ሃያ፣ ዮታ ዐሥር፣ ኤፕሲሎን አምስት ነው። ሁለት ተራራ የሚመስለው እንግዲህ ሚ ነው።

ይህን የቍጥር ዘዴ ለመማር ኢትዮጵያዊ ሰው ወደ ሩቅ ትምህርት ቤት መሄድ አያስፈልገውም። የግዕዝ አኀዞቻችን ከእነዚሁ የግሪክ ፊደላት የወጡ ናቸው። ፭ ከኤፕሲሎን፣ ፲ ከዮታ፣ ፳ ከካፓ፣ ፵ ከሚ የተወለዱ ናቸው፤ በኢዛና የድንጋይ ጽሕፈት ላይ ከአራተኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ይታያሉ። ቅርጻቸው በብዙ ዘመን ጽሕፈት ስለ ተለወጠ በመሐለቁ ላይ የኛን ፵ ፈልጋችሁ አታገኙትም፤ የአቈጣጠሩ ሥርዐት ግን አንድ ነው። ዐሥርን አስቀድሞ ሁለትን በማስከተል ፲፪ ብሎ የሚጽፍ የደብር ጸሐፊ፣ የእስክንድርያን መሐለቅ ቢያሳዩት ሳይቸገር ያነበዋል። ምክንያቱም በእስክንድርያ ዋናው የመዳብ ገንዘብ የአርባው ሳይሆን የዐሥራ ሁለቱ ኑሙስ ስለ ነበረ፣ በገጹ ላይ ዮታና ቤታ፣ ማለት ዐሥርና ሁለት፣ ጎን ለጎን ተቀርጸዋል፤ በመካከላቸውም መስቀል ይቆማል። በተሰሎንቄ ደግሞ ዐሥራ ስድስት ያለበት ተመትቷል። ለእኛ ከሁሉ ይልቅ የእስክንድርያው ልብ ሊባል ይገባዋል፤ የቀይ ባሕር ንግድ በግብፅ በኩል ያልፍ ስለ ነበረ ነው። የእስክንድርያው መሐለቅ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ወፍራምና ድፍን ነው። ፊደሎቹ ሲያረጁ አንድ ዱላና ሁለት ሆድ ያለው እንስራ ይመስላሉ።

የፊደሉ ጥቅም በዚህ አያበቃም። መሐለቅ በእጅ ሲዘዋወር አስቀድሞ የሚያልቀው ጥቃቅኑ ጽሕፈት ነው፤ ቀጥሎ የፊት ምስል ነው፤ ከሁሉ ኋላ የሚቀረው ይህ ጥልቅና ሰፊ ፊደል ነው። ስለዚህ ፊቱ የጠፋ የቢዛንታይን መዳብ ሲገጥመን ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው የንጉሡን ፊት በማጉያ መነጽር ከመፈለግ ይልቅ ገልብጦ ጀርባውን ማየት ይበልጣል። በሚው ግራ በኩል ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ፊደሎች ፍንጭ ካለ «በዓመት» የሚል የላቲን ቃል ነው፤ በቀኝ በኩል ደግሞ ንጉሡ የነገሠበት ዓመት ቍጥር አለ። እኛ በጥንት ጽሕፈቶቻችን እገሌ በነገሠ በዚህ ዓመት እንደምንለው ማለት ነው። ከፊደሉ በታች ከመስመር ሥር የተቀረጹት ሦስት ወይም አራት ፊደሎች ገንዘቡ የተመታበትን ከተማ ያሳያሉ፤ ቍስጥንጥንያ፣ ኒቆሜድያ፣ ቂዚቆስ፣ አንጾኪያ፣ ቅርጣግና ሌሎችም በዚህ ይለያሉ። አንጾኪያ በ528 በምድር መናወጥ ከጠፋች በኋላ ስሟ ቴዎጶሊስ፣ ማለት የእግዚአብሔር ከተማ፣ ተብሎ ነበርና ከዚያ ወዲህ በመሐለቋ ላይ ያለው ምልክት ይህን አዲሱን ስም የሚያመለክት ነው።

ዓመት የሚቀረጽበት ልማድ የተጀመረው በንጉሠ ነገሥት ዮስጥንያኖስ ዐሥራ ሁለተኛ ዓመት፣ ይኸውም በ538 ነው። በዚያው ጊዜ ሌላም ነገር ተለወጠ። ከዚያ በፊት የንጉሡ ምስል በጎን፣ አፍንጫው ወደ ቀኝ ወጥቶ ይቀረጽ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ፊት ለፊት የሚያይ ሆነ። ይህ ለእኛ ትልቅ ርዳታ ነው። ፊቱ ፈጽሞ ጠፍቶ እብጠት ብቻ ሲቀር፣ እብጠቱ በሁለት ትከሻ መካከል እንደ ክብ ድንች የተቀመጠ ከሆነ ፊት ለፊት የሚያይ ነበር፤ አንድ ወገኑ ሾጠጥ ካለ በጎን የሚያይ ነበር። እንግዲህ ሚ ያለበትና ምስሉ ፊት ለፊት የሚያይ ከሆነ ከ538 ወዲህ የተመታ የመሆኑ ነገር እጅግ የተረጋገጠ ነው። በእብጠቱ ፈንታ ሁለት እንስራዎች ጎን ለጎን የተቀመጡ የሚመስል ነገር ካያችሁ ደግሞ፣ በ565 የነገሠው ዳግማዊ ዮስጢኖስ ከሚስቱ ከሶፍያ ጋራ በአንድ ዙፋን ላይ ተቀምጦ የተቀረጸበት ሊሆን ይችላል።

ሚዛንም የራሱን ምስክርነት ይሰጣል። የአርባው መሐለቅ በ498 ወደ 9 ግራም ብቻ ይመዝን ነበር፤ በ512 እጥፍ ሆነ፤ በዮስጥንያኖስ ዐሥራ ሁለተኛ ዓመት ስፋቱ የጠገራ ብርን አከለ፣ ክብደቱም ከ20 ግራም አለፈ። የጥንቱ ወርቅ ቤት ሰው ወቄቱን በአንድ ጠገራ ብር ይመዝን ነበርና፣ የዮስጥንያኖስን ትልቅ መሐለቅ በሌላው ወገን ቢያስቀምጠው ከወቄት ጥቂት ጎደሎ ሆኖ ያገኘው ነበር። ከዚያ በኋላ መንግሥቱ በጦርነትና በችግር ሲዳከም መሐለቁም አብሮት ቀለለ። በ610 የነገሠው ሕርቃል ከፋርስ ጋራ በሚዋጋበት ጊዜ አዲስ መዳብ ማቅለጫ ጊዜና ገንዘብ ስላጣ፣ የቀድሞዎቹን ነገሥታት መሐለቅ ሰብስቦ፣ አንዳንዱንም ቈራርጦ፣ በላዩ ላይ የራሱን ማኅተም ያስመታ ጀመር። በመንግሥቱ መጨረሻ ያው የአርባው መሐለቅ ከ6 ግራም በታች ወርዷል።

ከዚህ የሚወጣ አንድ ጥንቃቄ አለ። ግራ የሚያጋባ መሐለቅ ሁሉ ያረጀ መሐለቅ አይደለም። በአሮጌ ምስል ላይ አዲስ ምስል ሲመታ የፊተኛው ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፤ ስለዚህ በአንድ ገጽ ላይ የንጉሥ ራስ ወደ ላይ፣ የሌላ ንጉሥ አገጭ ወደ ጎን፣ የፊደል እግር ደግሞ በመካከል ይታያል። በዐሥረኛውና በዐሥራ አንደኛው መቶ ዓመት የተመቱ፣ የንጉሥ ስም ጭራሽ የሌለባቸው የመዳብ መሐለቆችም እንደዚሁ ናቸው። በእነዚህ ላይ በንጉሥ ፈንታ የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ምስል ተቀርጾ «የነገሥታት ንጉሥ» የሚል ጽሕፈት ይነበባል፤ እነዚህም አንዱ ዐይነት በሌላው ላይ ደጋግሞ እየተመታ ስለ ወጡ ለማንበብ ያስቸግራሉ። ባለ ንብረቱ አርጅቷል ብሎ ሲያዝንበት፣ ያየው ግን ማርጀትን ሳይሆን የሁለት ዘመን ማኅተም መደራረብን ነው።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ጥያቄ እንድረስ። መሐለቁ የአክሱም ለመሆኑ ወይም ላለመሆኑ በምን እንለያለን? በአፍሪካ ከሰሐራ በታች የራሳቸውን ገንዘብ ቀድመው ያስመቱ ነገሥታት የእኛ የአክሱም ነገሥታት ስለሆኑ፣ የተገኘውን ሁሉ ለእነርሱ ለመስጠት መቸኰል የሚያስወቅስ አይደለም። ገንዘባቸው ከሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ እስከ ሰባተኛው መቶ ዓመት ድረስ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ተመትቷል። ነገር ግን የአክሱም መዳብ ትንሽ ነው፤ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ሆኖ አንድ ወይም ሁለት ግራም ይመዝናል። በጀርባው ላይ ትልቅ የቍጥር ፊደል የለበትም። ከኢዛና መጠመቅ በፊት የተመታው ጨረቃና ክብ ነጥብ አለበት፤ ከዚያ ወዲህ ያለው መስቀል አለበት። በወርቁ ላይ ንጉሡ በሁለቱም ገጽ ይቀረጻል፤ ግራና ቀኙንም የስንዴ ዛላ ያጅበዋል። ከንጉሥ ወዜባ ጀምሮ የግዕዝ ፊደል ይታያል፤ ምህድይስ የሚባለው ንጉሥ ደግሞ ታላቁ ቈስጠንጢኖስ በሰማይ አየው የተባለውን የመስቀል ቃል በግዕዝ አስቀርጾበታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀው ግን አንድ ልዩ ብልሃት ነው። የአክሱም አንጥረኞች በብርና በመዳብ መሐለቅ ላይ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይም በመስቀሉ ላይ እጅግ ስስ ወርቅ ይለብጡ ነበር። በቢዛንታይን መዳብ ላይ ይህ አይገኝም። በአረንጓዴው ዝገት ውስጥ እንደ ብናኝ የምታብለጨልጭ ቢጫ ነገር ካያችሁ ነገሩ ወደ አክሱም አደላ ማለት ነው። መሐለቅ የሚያጥብ ሰው ምን እንደሚያጠፋም በዚህ ይታወቃል። ባለ ንብረቱ እንዲያምርለት ብሎ በሎሚና በአሸዋ ሲፈትገው፣ አንድ ሺሕ አምስት መቶ ዓመት የቈየው ወርቅ ከአረፋው ጋራ በአንድ ደቂቃ ይፈስሳል።

ሁለቱ መንግሥታት ጎረቤቶች ባይሆኑም ባለንጀሮች ነበሩ። ዐፄ ካሌብ በ525 ግድም ባሕር ተሻግሮ ወደ ሒምያር በዘመተ ጊዜ የቍስጥንጥንያው ንጉሥ ዮስጢኖስ ደጋፊው ነበር። ገንዘባቸውም ተያይዞ ይሄድ ነበር። ታላቁ ቈስጠንጢኖስ ሶሊዶስ የሚባለውን አራት ግራም ተኩል የሚመዝን የወርቅ ገንዘብ ሲያቆም፣ የአክሱም ወርቅም ክብደቱ ወርዶ የሶሊዶሱን ሢሶ ያህል ሆነ፤ ለነጋዴው ምንዛሪ ይመች ዘንድ የተደረገ ይመስላል። በደቡብ የመን በአል ማዛሪባ በአንድ ላይ ተቀብሮ የተገኘው 1,194 የወርቅ መሐለቅ ይህን በግልጽ ያሳያል፤ ከእርሱ 868ቱ የሮም፣ 326ቱ የአክሱም ነበር። ኮስማስ የተባለው የእስክንድርያ ነጋዴና ጸሐፊም ሶጳጥሮስ ስለሚባል ሰው ሲተርክ፣ ከአዱሊስ ሰዎች ጋራ ወደ ሴሎን ደሴት ሄዶ በንጉሡ ፊት ከአንድ ፋርሳዊ ጋራ የማን ንጉሥ እንደሚበልጥ ተከራከረ ይላል። ሶጳጥሮስ ክርክሩን ያሸነፈው በንግግር አይደለም፤ «ሁለቱንም ነገሥታት በፊትህ አምጥተንልሃልና ራስህ ተመልከት» ብሎ የሮምን ወርቅና የፋርስን ብር ጎን ለጎን አስቀመጠ። የሴሎኑ ንጉሥም ገለባበጠና ለወርቁ ፈረደ።

ስለዚህ የቢዛንታይን መሐለቅ በኢትዮጵያ መገኘቱ ተአምር አይደለም። ነገር ግን በስምጥ ሸለቆ ሲገኝ ምን ማለት እንደ ሆነ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በባቱ ሐይቅ ደሴቶች የሚኖሩ የዘይ ሰዎች፣ በዮዲት ዘመን የአክሱም ካህናት ታቦቱንና መጻሕፍቱን ይዘው ወደ ደብረ ጽዮን ደሴት ተሰደዱ የሚል የከበረ ትውፊት አላቸው። በዚያ ዳርቻ አሮጌ መሐለቅ ያገኘ ሰው ይህን ትውፊት ማስታወሱ አይቀርም። ዳሩ ግን በመሐለቁ ላይ የተጻፈው ዘመን የተመታበት ዘመን ነው፤ በዚያ ስፍራ የወደቀበትን ቀን አይናገርም።

ለዚህ ከማርትሬዛ የበለጠ ምስክር የለም። ንግሥቲቱ በ1780 ከሞተች በኋላ ነጋዴው ሌላ ዓመት ያለበትን አልቀበልም ስላለ፣ ያው 1780 የሚል ቍጥር ያለበት ብር በቪየና፣ ከ1935 ጀምሮም በሮማ፣ ቀጥሎም በለንደንና በሌሎች ከተሞች ሲመታ ኖሯል። አያታችሁ በአዳማ ገበያ በሬ የሸጡበት ጠገራ ብር ቍጥሩ 1780 ቢሆንም፣ የተመታው እርሳቸው ከተወለዱ በኋላ ሊሆን ይችላል። ማርትሬዛ ዘግይቶ የተመታ ሲሆን፣ ሌላው ደግሞ ቀድሞ ተመትቶ ዘግይቶ የሚቀበር አለ። በ1963 በመጠራ፣ ዛሬ በኤርትራ በሚገኘው ስፍራ፣ በአንድ የነሐስ ማሰሮ ውስጥ ዐሥራ አራት የሮም ነገሥታት የወርቅ መሐለቆች ጌጥ ሆነው ተገኙ። መሐለቆቹ የሁለተኛውና የሦስተኛው መቶ ዓመት ናቸው፤ አብረዋቸው ግን የወርቅ መስቀሎች ነበሩ። አክሱም የተጠመቀችው በአራተኛው መቶ ዓመት ነውና ሀብቱ የተሰወረው መሐለቆቹ ከተመቱ ከብዙ ዘመን በኋላ መሆኑ በዚህ ታወቀ። መሐለቆቹ ብቻቸውን በአንድ ሱቅ መስኮት ቢቀመጡ ኖሮ ይህን ማን ያውቅ ነበር?

የእኛም ከተሞች ታሪክ ይህን ጥንቃቄ ይጠይቃል። አዳማ የተስፋፋችው በምድር ባቡር መስመር ላይ ስለሆነች ነው። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው ባቡር ከጅቡቲ ዕቃ ብቻ አላመጣም፤ ግሪኩን፣ አርመኑን፣ ሕንዱንና የመኑን ነጋዴ ከነሣጥኑ አምጥቷል። ከአገሩ የመጣ ሰው የአባቱን አሮጌ መሐለቅ ለመልካም ዕድል በኪሱ ቢይዝና በግቢው ቢጥለው፣ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ያው መሐለቅ ከመሠረት ቍፋሮ ይወጣል። የመሐለቁ ዕድሜ አንድ ሺሕ አምስት መቶ ዓመት፣ በአዳማ የኖረበት ግን ሰማንያ ዓመት ብቻ ይሆናል። ሁለቱን የሚለያቸው የተገኘበት አፈር ነው፤ ከጠርሙስ ስባሪና ከቆርቆሮ ጋራ ወጣ ወይስ ከጥንት ገል ጋራ?

ስምጥ ሸለቆ ይህን ትምህርት በሌላ ነገር አስቀድሞ ሰጥቶናል። በባቱ አቅራቢያ በጋደሞታ የተገኙት የባልጩት መሣሪያዎች ከ270,000 ዓመት በላይ ዕድሜ እንዳላቸው የታወቀው በባልጩቱ መልክ አይደለም፤ ከበላያቸው የተነጠፈው የእሳተ ገሞራ አመድ ተመርምሮ ነው። መሣሪያዎቹን አንድ ሰው አንሥቶ ወደ ቤቱ ወስዷቸው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ዕድሜ አልባ ስለታም ድንጋይ ሆነው በቀሩ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጠረጴዛው እንመለስ። ባለጉዳዩ ብረቱን ሲያቀርብላችሁ በቅድሚያ እንዳያጥበው ንገሩት። ሎሚ፣ ኮምጣጤ፣ አመድ፣ አሸዋ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የሽቦ መፈተጊያ ሁሉ ክልክል ናቸው። አረንጓዴው ልባስ ጠንካራና ለስላሳ ከሆነ መሐለቁን የሚጠብቅ ቆዳ ነው፤ ከእርሱ ጋራ አብሮ የሚሄደው የመጨረሻው የፊደል ፍንጭ ነው። ዱቄት መሳይ ፈዛዛ አረንጓዴ ከሆነ ግን መዳቡ እየተበላ ነውና እርጥበት በሌለበት ስፍራ ተለይቶ ይቀመጥ።

ቀጥሎ ብርሃን ያስፈልጋል። ከላይ የሚወርድ ብርሃን የተላጠ ገጽን ይበልጥ ያደበዝዘዋል። ክፍሉን አጨልማችሁ የእጅ ባትሪ በጎን በኩል፣ ከጠረጴዛው ጋራ ትይዩ አድርጋችሁ አብሩበት፤ መሐለቁንም ቀስ እያላችሁ እንደ ሰዓት አዙሩት። ከአንድ ወገን ያልታየው የሚው እግር ከሌላው ወገን ጥላ ጥሎ ይነሣል። በየአቅጣጫው ፎቶግራፍ አንሡት፤ ጠርዙንም ጭምር። ከዚያ በወርቅ ቤት ሚዛን አስመዝኑና ግራሙን ጻፉ፤ ስፋቱንም በሚሊሜትር ለኩ። ይህን ያህል ከሠራችሁ አንድ ባለሙያ ከሩቅ ሆኖ እንኳ ዘመኑን፣ ብዙ ጊዜም ከተማውን ሊነግራችሁ ይችላል።

ሕጉም አለ። በ1992 ዓ.ም. ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቍጥር 209፣ በቤት ሥራም ሆነ በመንገድ ሥራ ወይም በሌላ አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለባለሥልጣኑ እንዲያስታውቅና እስኪረከበው ድረስ በነበረበት ሁኔታ እንዲጠብቀው ያዝዛል። እዚህ ላይ የመንግሥት ሠራተኛው ጠባይ ብዙ ይወስናል። መሐለቁን ያመጣውን ገበሬ እንደ ሌባ የሚያፋጥጠው ሰው፣ ሁለተኛውን መሐለቅ በአንጥረኛው ምድጃ ውስጥ ያስገባዋል። አክብሮ አስቀምጦ ቡና እየጋበዘ የሚጠይቀው ግን ቦታውንም ሰዓቱንም አብሮ ያገኛል።

በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ይህ ነው። ያገኘው ሰው ስምና ቀበሌ፤ የተገኘበት ቀን፤ ስፍራው ከታወቀ ነገር፣ ከድልድይ ወይም ከቤተ እምነት፣ ስንት ሜትር እንደሚርቅ፤ ምን ያህል ጥልቀት ተቈፍሮ እንደ ወጣ፤ አብሮት ገል፣ አጥንት፣ ከሰል ወይም ጠርሙስ ነበረ እንደ ሆነ፤ ሌላ መሐለቅ ወጥቶ ተሸጦ ወይም ጠፍቶ እንደ ሆነም እንዲሁ። ወረቀቱና መሐለቁ በአንድ ኤንቨሎፕ ይታሸጉ፤ ሁለት መሐለቅ ግን እንዳይፋጩ በአንድ ኤንቨሎፕ አይግቡ።